አራት ከስልሳ

ፕሮፌሰሩ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማዳመጫው ጆሮው ላይ፣ ፊቱ ወደ መስኮቱ፣ ጀርባው ወደ በሩ። ከኋላ ተመትቷል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን ከልብ። የተመታበት አጭር የማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተሯ ማዳመጫውን በጓንት ይዛ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። አልጠፋም። አንድ የወንድ ድምፅ «በሩ ተከፍቷል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ያው ድምፅ «በሩ ተከፍቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ እንደገና ይናገራል።

«ምን ይላል?» አለ ሳጅኑ።

«በሩ ተከፍቷል ይላል።»

«ታዲያ ምናለ ዞር ቢሉ።»

አልሳቀችም። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «ጥድፊያ» ይሏታል። ታውቃለች፣ አትከፋም። ጊዜዋን የሚበላባትን ሰው ግን አትወድም።

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው።

«ተማሪዋን ይዘሻት ነይ። ትናንት ስብሰባ ላይ አሥር ሰው እየሰማ ዝታበታለች። ሬሳውን አገኘሁ ያለችው እሷ፣ ብረቱ የእሷ መሥሪያ ዕቃ። ምን ቀረሽ?»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይስጡኝ።»

«ነገ ስምንት ሰዓት ራሴ መጥቼ አስራታለሁ።»

ዘጋው። ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሬሳው የተገኘው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያኔ ከሞተ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖት ነበር ብሏል።

ተማሪዋ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ አላለቀሰም። ዶክትሬቷን እዚሁ፣ በሟቹ ሥር ነው የምትሠራው።

«ትጠይው ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ሳትቀመጥ።

«አዎ። እሳቸው ማለት እንኳን ከትናንት ጀምሮ ትቻለሁ።»

«ምን አደረገሽ?»

«አራት ዓመት የሠራሁትን ጥናት በራሱ ስም ብቻ ሊያሳትመው ነው። ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አልፈርምልሽም አለኝ። ለምን ስለው ሳቀ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እጄን ሳላነሳ አስለቅስሃለሁ አልኩት።»

«ጥሩ አድርገሽ ነው ለፖሊስ የምታወሪው። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል የት ነበርሽ?»

«ቤተ መጻሕፍት። ብቻዬን። ምስክር የለኝም፣ አይጠይቁኝ። ይሄ ነገር እኔ ላይ ከቀረ ትምህርቱም እኔም አበቃን፤ እሱ ሞቶም አሸነፈኝ ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ይሄን አመነች። የቀረውን ገና ታያለች።

«ጥናቱ ስለ ምንድነው? ባጭሩ።»

«ሙዚቃ የሚለይ ጆሮ የንግግርን ዜማ ለመለየት ይረዳል ወይ ነው። ሰው ሲጠይቅ ድምፁ መጨረሻ ላይ ከፍ ይላል። ሲያሾፍ ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ስትሮክ ከመታው በኋላ ቃሉን ይሰማል፣ ዜማው ግን አይገባውም። እንደነሱ ዓይነት ሃያ አራት ሰዎች አሉን። ግማሾቹ ቡድን ሀ ናቸው፤ በዜማ የተሠራ ልምምድ ሰጠናቸው። ግማሾቹ ቡድን ለ ናቸው፤ ዝም ብሎ የቃላት ንባብ ይሰማሉ። በቀን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ዓመት። መጨረሻ ላይ የማን ጆሮ እንደተመለሰ እናያለን።»

«ለ ያለው ምን ያገኛል?»

«ምንም። ማወዳደሪያ ነው።»

«ለ መሆኑን ያውቃል?»

«አያውቅም። እኛም አናውቅም። ዝርዝሩ ታሽጎ ፕሮፌሰሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁሉም ተፈትኖ ሲያልቅ ነው የሚከፈተው። ዛሬ የመጨረሻዋ ሰው ነበረች።»

የመጨረሻውን ስትናገር እጅጌዋን ታየዋለች። ኢንስፔክተሯ እጅጌውን አየችው። ምንም የለበትም።

መሳቢያው አልተቆለፈም። ፖስታው እዚያው ነው፣ በቡናማ ፕላስተር ታሽጓል። ጠርዙ ላይ ግን ከቡናማው ሥር የሌላ ቡናማ ፕላስተር ልጣጭ ወጣ ብሏል። አንዴ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ፖስታ ነው። ኢንስፔክተሯ ቀደደችው። ከአንድ እስከ ሃያ አራት ቁጥሮች፣ ትይዩ ሀ ወይም ለ። ሁሉም በማሽን የተጻፉ ናቸው። ሰባተኛው ላይ ብቻ ሀ በእስክሪብቶ ተሠርዞ ለ ተብሏል። አጠገቡ የፕሮፌሰሩ አጭር ፊርማ አለ።

አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ቴክኒሻኑ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ከጀርባው ዝሆን የምታክል በር አለች፤ ከውስጧ መስኮት የሌላት፣ ድምፅ የማታስገባ አንዲት ጠባብ ክፍል።

«እዚህ ነው የሚፈተኑት?»

«እዚሁ ነው። ውስጥ ገብተው ማዳመጫ ያደርጋሉ። ሁለት ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ዓይነት ከሆነ አረንጓዴውን፣ የተለያየ ከሆነ ቀዩን ይጫናሉ። ስልሳ ጥያቄ ነው። በየአሥሩ ጥያቄ እኔ ከዚህ ካልተጫንኩላቸው አይቀጥልም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ቲቸር ነበረች። ሰባት ቁጥር።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። «ቲቸር ማን ናት?»

«የሙዚቃ አስተማሪ ናት። የኳየር መሪ ነበረች፣ ሠላሳ ዓመት። ስትሮክ መታትና ሁሉም ጠፋባት። ያኔ ያስተማረቻቸው ልጆች ናቸው ቲቸር የሚሏት፣ እኛም ለመድነው። ታናሽ እህቷ ናት የምታመጣት። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ፣ እህትየው ማዳመጫውን አስተካከለችላትና ወጣች። አራት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ገብታ አወጣቻት።»

«ስትወጣ አየኋት ነው የሚሉኝ?»

ቴክኒሻኑ አፈረ። «ቀይ ሻርፗ ስክሪኑ ላይ ተንጸባርቆ ሲያልፍ አየሁት። ዞር አላልኩም። ጆሮዬንም ደፍኜ ነበር። ሠራተኞቹ የኮሪደሩን ጣሪያ ሲበሱ ነበር እኮ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚህች ክፍል በቀር ሰላም ያለበት አልነበረም። ፕሮፌሰሩም ለዚህ ነው ማዳመጫ አድርገው የሚሠሩት።»

«እርስዎስ ይወዷቸው ነበር?»

«እንግዳ ፊት ሽቦ ጠምጣሚ ይሉኛል። ይሉኝ ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ሥራዬ ሽቦ መጠምጠም ነው። ግን አባባል አለው።»

«የቲቸርን ውጤት ያትሙልኝ። የዛሬውንም የበፊቶቹንም።»

«ለምን? ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ያትሙልኛ።»

ወረቀቱ ወጣ። ሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ፈተና። ሠላሳ አንድ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ። ሠላሳ ሦስት። የዛሬው አራት።

«ምስኪን» አለ ቴክኒሻኑ። «ጭራሽ ወረደች።»

«አሁን ነው ያዩት?»

«ማሽኑ ነው የሚደምረው። እኛ ዝርዝሩ ሳይከፈት ውጤት ማየት ክልክል ነው፣ እንዳናዳላ ተብሎ።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጣጠፈች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንድ ሰው ከሀ ወደ ለ የሚዛወረው ለምንድነው?»

«አይዛወርም። ዕጣ ነው።»

«ቢዛወርስ?»

ቴክኒሻኑ ወደ በሩ አየ፣ ሰው የለም። «በጣም የተጎዳ ሰው ሀ ውስጥ ካለ የሀን ውጤት ያወርደዋል። ልምምዱ እንዲያምር የፈለገ ሰው ያን ዓይነቱን ሰው ወደ ለ ይጥለዋል። ይሄ ግን ጥናት አይባልም።»

«ምን ይባላል?»

«ሌብነት።»

ቲቸርና ታናሽየዋ አብረው ነው የሚኖሩት። ፒያኖው ሳሎኑን ሞልቶታል፤ ላዩ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። ቲቸር ስልሳ ዓመቷ ነው፣ ቀጥ ያለች፣ ከዘራ የያዘች። ታናሽየዋ በአራት ዓመት ታንሳለች። ቁመቷም ፀጉሯም ያው ነው፤ እህትማማችነታቸውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ሞተ አሉኝ» አለች ቲቸር። «ተቀመጪ። ልብሱን ገፋ አድርጊው።»

«አመሰግናለሁ፣ መቆም ይስማማኛል። እኔማ ሻይ ልጠጣ ነው የመጣሁት።»

ቲቸር ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት። «እየቀለድሽ ነው አይደል? ከንፈርሽ ነው የነገረኝ። ድምፅሽን ብሰማውማ ሻይ አፍልቼልሽ ነበር።»

«እንዲህ ነው እንዴ?»

«ሁልጊዜ ነው። ሰው ይስቅብኝ ይዘንልኝ አላውቅም። ሙዚቃውማ ድስት ሲንኳኳ ማለት ነው። የራሴን ኳየር ቅጂ አሰምተውኝ ማናቸው ብያለሁ።»

«ፕሮፌሰሩ ረድቶዎታል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተቀምጬ አንድ ሰው ቃል ሲቆጥር ሰምቻለሁ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት። ከረዳኝ አንቺ ንገሪኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«እዚያች ሣጥን ውስጥ ምን ይሰማል። ሁለት ድምፅ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ድምፅ፣ አንድ ቁልፍ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ታናሽየዋ ዞረች። አንገቷን በእጇ ይዛለች፣ እንደሚበርደው ሰው።

«እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

ታናሽየዋ መጀመሪያ እህቷን አየች። «ኮሪደሩ ላይ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መጽሔት ሳነብ ነበር።»

«ማን አለፈ?»

«ማንም። ጭር ያለ ነበር።»

«ሻርፕ አድርገው ነበር አሉ።»

«ጣልኩት መሰለኝ።»

«ታናሼ ነገር ትጥላለች» አለች ቲቸር። «ሲሏት ግን ትሰማለች። እንደሷ የታዘዘችውን የምትፈጽም የለችም፤ ኳየር ውስጥ አሥር እንደሷ ቢኖረኝ ዓለምን እዞር ነበር።»

«የኳየር ሰው ናት?»

«ሶፕራኖ። ከፍተኛውን ድምፅ ነበር የምትይዘው። ጆሮዋ ከእኔም ይበልጥ ነበር። አሁንማ ምኑ ይወዳደራል።»

ታናሽየዋ መሬት መሬት አየች።

ኢንስፔክተሯ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ቲቸር፣ ተማሪዋን ነገ ሊያስሯት ነው። ያቺ ቀጭኗን።»

ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየች። «እሷን? እሷ ምን አደረገች?»

«ጠልታዋለች።»

«እሱን መጥላት ወንጀል ከሆነ እስር ቤት አይበቃም» አለች።

መኪና ውስጥ ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ሳንቲም አወጣች። ሳጅኑ ይነዳል፣ እሷ ሳንቲሙን እያጎነች በጉልበቷ ላይ ትቀልባለች፣ ወረቀት ላይ ጭረት ታሰምራለች። ዘውድ፣ ጎፈር፣ ጎፈር፣ ዘውድ።

«ሥራ ፈታን ማለት ነው» አለ ሳጅኑ።

«ዝም ብለህ ንዳ። ስልሳ ላይ ልድረስ።»

ስልሳ ላይ ደረሰች። ዘውድ ሃያ ዘጠኝ፣ ጎፈር ሠላሳ አንድ።

«ማን አሸነፈ?»

«ማንም። ይሄው ነው ነገሩ። ጣሪያ የሚበሱትን ሰዎች ፈልግልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጦ ነበር በላቸው።»

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤተ ሙከራው ውስጥ ናቸው። ተማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋለች፣ ቴክኒሻኑ ኮምፒውተሩ ፊት ነው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዛዡ በሩን ይዞ ቆሟል፣ ካቴናው በግልጽ ይታያል።

«አሥር ደቂቃ» አለ።

«ስምንት ይበቃኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ፕሮፌሰሩ የሞተው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሠራተኞቹ ጣሪያ ሲበሱ የነበሩት በዚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ማዳመጫ ያደረገው ለዚያ ነው። ገዳዩ በር ቢከፍት፣ ቢራመድ፣ ብረት ቢያነሳ የሚሰማው የለም። እዚህ ፎቅ ላይ በዚያ ሰዓት ማን ነበር? ቴክኒሻኑ፣ ቲቸር፣ እህቷ። ተማሪዋም ልትመጣ ትችል ነበር፣ እሷንም እንቁጠራት።»

«እሷ ናት እንጂ» አለ አዛዡ።

«ቆይ። ቴክኒሻኑ በየአሥሩ ጥያቄ መጫን አለበት። ሰዓቱ ተመዝግቧል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከወንበሩ አልራቀም። የፕሮፌሰሩ ቢሮ ደግሞ ኮሪደሩን ጨርሶ ነው፣ ሠራተኞቹ መሰላል በዘረጉበት በኩል። ሄዶ ሰው ገድሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሳያልበው ተመልሶ አይቀመጥም። እሱን ተዉት።»

ቴክኒሻኑ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ታናሽየዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር ብላለች፣ ጭር ያለ ነበር ብላለች። ኮሪደሩ ጭር አላለም። ጣሪያው እየተበሳ ነበር። አግዳሚው ላይም ማንም አልተቀመጠም፤ ሠራተኞቹ ከጠዋቱ ጀምረው የሲሚንቶ ጆንያና መሣሪያ ደርድረውበታል። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ አልነበረችም። ታዲያ በዚያ ሰዓት ጭር ያለ ቦታ የት ነበር?»

ሁሉም ትልቋን በር አዩ።

«እዚያ ውስጥ እኔ ነበርኩ» አለች ቲቸር። «ስልሳ ጥያቄ መልሻለሁ። ማሽኑ ይመስክር።»

«መስክሯል።» ወረቀቱን አውጥታ ለተማሪዋ ሰጠቻት። «አንብቢው። አንቺ የተማርሽበት ነው።»

ተማሪዋ አነበበች። እንደገና አነበበች። ቀና ብላ ቲቸርን አየቻት፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ዝም አለች።

«ገብቶሻል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ካቴናው ለአንቺ ነው የመጣው፣ ወረቀቱ ነው የሚያስጥልሽ። ለምን ዝም ትያለሽ?»

ተማሪዋ ወረቀቱን አጥብቃ ያዘችው።

«እሺ፣ እኔው ልጨርሰው። ጆሮው ምንም የማይለይ ሰው ዝም ብሎ ይጫናል። አንዴ ያገኛል፣ አንዴ ይስታል። ሳንቲም እንደማጎን ነው። እኔ ትናንት ስልሳ ጊዜ አጉኜ ሃያ ዘጠኝ መጣልኝ። ቲቸርም በፊት ያገኘችው ይሄንኑ ነው፤ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት። ትናንት አራት። አራት ዝቅተኛ ውጤት ይመስላል። አይደለም። አራት ለማግኘት ሃምሳ ስድስት ጊዜ መሳት ያስፈልጋል። ሃምሳ ስድስት ጊዜ ለመሳት ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ሁሉንም ሰምታለች፤ ሰምታ ሆን ብላ በተቃራኒው ነው የተጫነችው። ሶፕራኖ ናት።»

ታናሽየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሁለቱም ገቡ። ውስጥ ኮትና ሻርፕ ተቀያየሩ። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ወጣች፣ ቴክኒሻኑ ከሻርፑ በቀር አላየም። ሲያልቅ ያው ሻርፕ ተመልሶ ገባ። ብረቱ ላይ የተማሪዋ አሻራ ብቻ ያለው ገዳይዋ በሻርፑ ጠቅልላ ስለያዘችው ነው። ሻርፑ የት እንደገባ እንግዲህ...»

«ምድጃ ውስጥ» አለች ቲቸር።

«እትዬ» አለች ታናሽየዋ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

«ዝም በይ። አንቺ ምንም አታውቂም።» ቲቸር ከዘራዋን ወለሉ ላይ አቆመች። «ዛሬስ አልችልም፣ አንቺ ተቀመጪልኝ አልኳት። እንዳያውቁብን አበላሽተሽ ተጫኚ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህቺ ልጅ ማበላሸት እንኳ ሲሏት አስተካክላ ነው የምታበላሸው።»

ሳጅኑ ሊስቅ ነበር፣ ተወው።

«ለምን?» አለ አዛዡ። «ሰውየው ሊረዳዎ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ዝርዝሩን ከኪሷ አወጣች። «ሰባት ቁጥር ዕጣዋ ሀ ነበር። በእጁ ሠርዞ ለ አደረጋት። በጣም ስለተጎዳች ውጤቱን ታበላሽበታለች።»

«የመጀመሪያው ቀን ቢሮው ውስጥ አስቀመጠኝ» አለች ቲቸር። «ከስትሮክ በኋላ ጆሮ የሚመለሰው በመጀመሪያው ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል አለኝ። ዕጣው የትም ይጣልሽ፣ አንቺን ግን የሚሠራው ውስጥ ነው የማስገባሽ፣ ቃሌ ነው አለኝ። አመንኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ድምፁ ውስጥ ውሸቱን ይሰማ ነበር። እኔ ቃሉን ብቻ ነው የሰማሁት። ሊያክመው የመጣውን በሽታዬን ነው የተጠቀመበት። ሁለት ዓመቴን ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት እያሰኘ ጨረሰው።»

«ማን ነገረዎት?»

ቲቸር ከዘራዋን አየች። ኢንስፔክተሯ ወደ ተማሪዋ ዞረች።

«ፖስታውን የከፈትሽው መቼ ነው?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት» አለች ተማሪዋ። ወረቀቱን አሁንም አልለቀቀችም። «ስሜን ከጥናቱ ላይ ያወጣው ቀን። ሊያስይዘው የሚችል ነገር ስፈልግ ነው ያገኘሁት። ስርዙን ሳየው ደስ አለኝ።»

«ለዩኒቨርሲቲው ልትሰጪው ትችይ ነበር።»

«ለዩኒቨርሲቲው ብሰጠው ማስጠንቀቂያ ይጽፉለት ነበር።»

«ስለዚህ ለእሷ ሰጠሻት።»

«እውነቱን ነው የነገርኳት። መብቷ ነው።»

«መብቷ ነው። ለማን እንደምትነግሪም መርጠሽ ነው። እጄን ሳላነሳ ብለሽ ነበር።»

ተማሪዋ ቀና ብላ አየቻት፣ አልካደችም። አዛዡ ካቴናውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ለማን እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

«ልጅቷን ተዉአት» አለች ቲቸር። «ብትነግረኝም ባትነግረኝም ቀኑ ሲደርስ ይከፈት ነበር፣ እኔም ያው ነበርኩ። ብረቱን ያነሳሁት እኔ። ሠላሳ ዓመት ሰማንያ ሰው የመራሁበት እጅ ነው፣ አልሳትኩም። እንዲያውም እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። አልዞረም። ይሄ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።»

ተነሳች። ከዚያ እንደገና ወደ ተማሪዋ ዞረች፣ አሁን ሌላ ሰው መሰለች፤ መልስ የምትጠብቅ፣ የቸኮለች።

«ሀዎቹስ? ተመለሰላቸው?»

ተማሪዋ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

«ዝርዝሩ ተከፍቷል አይደል? ፈተናው አልቋል አይደል? ልወቅ እንጂ።»

ቴክኒሻኑ ኢንስፔክተሯን አያት፣ በአንገቷ ፈቀደችለት። ዝርዝሩን ተቀብላ ተማሪዋ ታነብለት ጀመር፤ ቁጥር፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ፊደል። የሰባት ቁጥርን የመጨረሻ ፈተና አወጡት። ታናሽየዋ የእህቷን ክንድ ይዛለች።

ማሽኑ ለመደመር አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም። ቴክኒሻኑ ስክሪኑን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ሀ በአማካይ ሠላሳ ነጥብ አምስት» አለ። «ለ ሠላሳ ነጥብ አንድ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ታናሽየዋ።

«ልዩነት የለም ማለት ነው» አለች ተማሪዋ። አራት ዓመቷን ነው የምታየው። «ልምምዱ አይሠራም። ቲቸር፣ ሀ ውስጥ ቢሆኑም ያው ነበሩ።»

ታናሽየዋ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ በከንቱ። እትዬ፣ በከንቱ ነው እኮ።»

ቲቸር ፊት ላይ ምንም አልታየም። ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየችው።

«እሱ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«አያውቁም» አለ ቴክኒሻኑ። «እርግጠኛ ነበሩ። ይሠራል ብለው በየስብሰባው ይምላሉ።»

«እንግዲያው» አለች ቲቸር፣ ኮቷን እየቆለፈች፣ «የሚሠራ መስሎት ነው የከለከለኝ። ይበቃኛል።»

እህቷን ክንዷን አስለቀቀቻትና አዛዡን ቀድማ ወጣች።